የዙላይሆ መስኮት

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከሞተች ጣውንት ጋር መኖር ካለችው ይከፋል። ያለችውን ቢያንስ ትሰድቢያታለሽ። የባሌ የሼራሊ የመጀመሪያ ሚስት ዙላይሆ የሞተችው እኔ ወደ ሳማርካንድ ሳልመጣ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩት በእሷ ቤት ነው። የግቢውን ወይን የተከለችው እሷ፣ በሩን ሰማያዊ ያስቀባችው እሷ። ጎረቤቱም እስከ ዛሬ "የዙላይሆ ቤት" ነው የሚለው።

ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ደስ አለኝ።

"እንሽጠውና አዲስ ፎቅ ቤት እንግባ" አልኩት።

"ብናድሰው ይሻላል" አለ ሻዩን እያየ።

"ለማን ብለው ነው የሳሱት?" ስናደድ አንቱታዬ ይብሳል።

"ለጣራው።"

"ጣራ እንዲህ አያስተክዝም።"

ሦስት ሳምንት ተኳረፍን። በመጨረሻ አርክቴክት መጥታ ትዳኘን ተባባልን። ኒጎራ የምትባል ልጅ እግር ሴት መጣች፤ ቤቱን ስትለካ ዋለችና በሳምንቱ ፕላኑን በሁለት ወረቀት ይዛልን ተመለሰች።

"ሳትነጋገሩ፣ ይሄ እንዳይነካብኝ በምትሉት ቦታ ላይ ክብ አድርጉበት" አለች። "ሁለታችሁም ምንም ከሌላችሁ ሽጡት። ካለ ግን እሱን ይዘን እናድሳለን።"

ሼራሊ ወይኑ ላይ ክብ ሲያደርግ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝና በቅናት ደበንኩ። እኔ ባዶውን ልመልስ ነበር ሐሳቤ። ጣቴ ግን ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ደርሶ ቆመ። ለሩዙ ምግብ ለኦሽ ካሮት የምከትፈው እዚያ ነው። ልጄን ያጠባሁት እዚያ ነው። የእናቴ መርዶ የመጣ ቀን መንገዱን እያየሁ ያለቀስኩትም እዚያው ነው። ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ክብ አደረግኩበት።

ኒጎራ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋች። የሼራሊ ባዶ ነበር።

"ምነው?" አልኩት።

"አንቺ ካልሽ እንሂድ ብዬ ቆርጬ ነበር። እኔ የጠላሁት ዕቃ መሸከሙን ነው፤ ወገቤን ታውቂው የለ።"

አሥራ አንድ ዓመት የተቃጠልኩት ለወገብ ኖሯል?

ኒጎራ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጠርዙን ዳሰሰች። "ይሄ ከቤቱ ጋር አልተሠራም፤ ግድግዳው በኋላ ተፈልፍሎ ነው። ማን ነው ያስወጣው? ፀሐይ በየት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው።"

ሼራሊ ፊቱን ወደ ሰማያዊው በር አዞረ። የማን ሥራ እንደሆነ ገባኝ። ከቤቱ ሁሉ የእኔ ነው ያልኩትን አንድ ቦታ እንኳ ቀድማኝ መርጣዋለች።

"ዙላይሆ ናት" አልኩ። ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

"እንግዲያው እንሽጠው?" አለ ሼራሊ ቀስ ብሎ።

"ዝም ይበሉ። እናድሳለን።" ወደ ኒጎራ ዞርኩ። "መስኮቱ እዚያው ይሁን። ግን አንድ ስንዝር አስፊው።"

"ኦፓ፣ እህቴ፣ ብርሃኑ እኮ በቂ ነው።"

"ለብርሃኑ አይደለም" አልኳት። "ስንዝሯ የእኔ እንድትሆን ነው።"