ለሁለት እጅ አንድ መለያ

የኮምፒውተር ኮድ ጻፊዋ ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቷን ተቆጥታት ነበር። መቆጣት ማለት ይበዛበት ይሆናል፤ ስልችት ብሏት ነው የተናገረቻት።

እህትየው ከከተማ በራቀ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ቀዶ ሐኪም ናት። የክሊኒኩ ኢንተርኔት ድረ ገጽ መክፈት አይሆንለትም፤ ኢሜይል ግን እያነከሰም ቢሆን ያወርዳል። ስለዚህ በትልቁ ሆስፒታል ያሉት ፕሮፌሰር የሕመምተኞቹን ራጅ ያዩና የሚቆረጠውን ቦታ በቀይ ክብ ምልክት አድርገው በሆስፒታሉ ድረ ገጽ፣ በየሕመምተኛው ገጽ ላይ ያስቀምጡታል። ታናሺቱ የጻፈችው ኮድ ደግሞ ገጹን እንዳለ ኢሜይል አድርጎ ይልከዋል። መጀመሪያ ላይ በምስሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ነበር የሚደርሰው፤ ኢሜይሉ ምስሉን ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ሊያመጣ ይሞክራል፣ መስመሩ ከየት ይምጣ! እሷም ምስሉን እዚያው ኢሜይሉ ሆድ ውስጥ ከተተችው። በአንድ ራጅ ሞከረችው፤ ሠራ። ደረቷን ነፋች።

እህትየው ግን አመሏን አልተወችም። ከእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና በፊት እየደወለች፣ «ገጹን ክፈቺና አንብቢልኝ። የማን ነው? ቀኝ ነው ግራ? ክቡ የቱ ጋ ነው?» ትላለች።

«እትዬ፣ በቃ አትደውዪ! ኢሜይሉ ሁሉንም ይነግርሻል» አለቻት ታናሺቱ።

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለት ሰዎች ገጽ በአንድ ኢሜይል ተላከ። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማሽን መርፌ ቀኝ መዳፏ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ሌላው በያጅ ነው፤ እሱም ቀኝ መዳፉ ውስጥ ቁራጭ ሽቦ ገብቶበታል። ሁለቱም በራጅ ሲታዩ ያው ቀጭን ነጭ መስመር ናቸው። ኮድ ጻፊዋ ለራሷ የሚደርሳትን ቅጂ የከፈተችው ሥራዋን ልታደንቅ ነበር።

በያጁ ትንሽ ጣቱ ጠማማ ነው። ኢሜይሉን ወደ ታች ስታወርደው የልብስ ሰፊዋም ትንሽ ጣት ጠማማ ሆኖ አገኘችው።

ወደ ላይ መለሰችው፣ ወደ ታች አወረደችው። አንድ እጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ። የበያጁ እጅ፣ የበያጁ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ የልብስ ሰፊዋ ስም።

ጥፋቱን ለማግኘት አልቆየችም። ኢሜይል ውስጥ የሚገባ ምስል ሁሉ የራሱ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ ጽሑፉ ምስሉን የሚጠራው በመለያው ነው። እሷ ግን የሞከረችው በአንድ ምስል ስለነበር ለመጣው ሁሉ ያንኑ መለያ የሚሰጥ ኮድ ነበር የጻፈችው። ሁለቱ ራጆች ባንድ ስም ተጠሩና ኢሜይሉ መጀመሪያ ያገኘውን ሁለቱም ቦታ ላይ ለጠፈው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ደግሞ የሚለቀምም አይደለም። የበያጁ ክብ ያለው አውራ ጣት ሥር ነው፣ የልብስ ሰፊዋ አውራ ጣት ነርቭ በሚያልፍበት። እዚያ ከተቆረጠች ከእንግዲህ መርፌ አትይዝም።

የልብስ ሰፊዋ ቀዶ ጥገና አምስት ሰዓት ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት ለአምስት አሥራ ስምንት ጉዳይ ይላል።

የእህቷ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ መስመሩ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። ኮዱን ከፈተች፤ ተቻኩላ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አበላሸችው። በሦስተኛው ለየምስሉ የየራሱን መለያ ሰጥታ ላከችው። ኮምፒውተሩ «ተልኳል» አላት። ተልኮስ! ኢሜይሉን አንዴ አትመው የቀዶ ጥገናው ክፍል ግድግዳ ላይ ከለጠፉት በኋላ ማን ተመልሶ ያየዋል? እንደገና ደወለች። ተይዟል። «አምላኬ፣ አደራህን፣ እጇን» እያለች ብቻዋን ታወራለች።

ለአምስት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኳ ጮኸ።

«እንዳትቆጪኝ» አለች እህቷ፤ ድምጿ በአፍ መሸፈኛ ታፍኗል። «ጓንት አድርጌያለሁ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ ነርሷ ናት። እንደው ልቤ አላርፍ ቢለኝ ነው፤ የልብስ ሰፊዋን ክብ አንዴ...»

«እንዳትነኪያት!»

ታናሺቱ ፋታ ሳትሰጣት ቀጠለች።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የሷ እጅ አይደለም፣ እትዬ። የበያጁ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ትክክለኛውን ልኬልሻለሁ፤ አሳትሚው።»

«አሳትማለሁ። እሱ እስኪወጣ ግን አንቺ ገጹን ክፈቺና አንብቢልኝ። የማን ነው?»

«የልብስ ሰፊዋ።»

«ቀኝ ነው ግራ?»

«ቀኝ።»

«ክቡስ?»

«ቀለበት ጣቷ ሥር» አለችና ድምጿ ተሰበረ።

«አሁን አታልቅሺ፤ እኔ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል» አለች እህቷ። «ስጨርስ እደውልልሻለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን።»

ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች። መርፌው ወጥቷል፤ ልብስ ሰፊዋ አውራ ጣቷን አንቀሳቅሳለች፣ ቀጠሮ ስላላቸው ደንበኞቿም እየተነጫነጨች ነው።

«አትደውዪ ብዬሽ ነበር እኮ» አለች ታናሺቱ።

«አንቺ መቼ ታዝዘሽኝ ታውቂያለሽና ነው እኔ የምታዘዝሽ?»

ታናሺቱ ስልኩን ዘግታ እንደገና ኮዱን ከፈተች። ከየኢሜይሉ ግርጌ የሚገባ አንድ መስመር ጨመረች፤ በአንድ ምስልም፣ በሁለትም፣ በአምስትም ሞከረችው። መስመሩ በሁሉም ላይ ወጣ፦ «እትዬ፣ ሳትደውዪልኝ እንዳትቆርጪ።»