ወደ ውስጥ የሚያዩ ጭረቶች

የካርታ ክፍል ባልደረቦቹ «ጋሽ ኮንቱር» ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ይወደዋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ኮንቱር የሚባሉትን የከፍታ መስመሮች በጣቱ እየተከተለ፣ ሲጠጋጉ አቀበት፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆናቸውን ካላስረዳ እህል አይወርድለትም።

ታላቅ እህቱ እግሯ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮላት ሳለ ቤት መሥሪያ ቦታ ተገኘላት። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ከማፍሰሷ በፊት ሄዶ እንዲያይላት ለመነችው። እሱ ግን ምን በወጣው በፀሐይ ይንከራተታል? ቢሮው ቁጭ ብሎ ካርታውን ዘረጋ። አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ክብ መስመሮች አየና ጉብታ ነው፣ ጎርፍ አይደርስበትም ብሎ ደመደመ። ወዲያው ደወለላት።

«ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢው» አላት።

ክረምቱ ሲገባ አዲሱ ቤት ውሃ ሞላው። ደውላለት ሲደርስ ፍራሹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሏል፤ እህቱ ቀሚሷን ሰብስባ ግንበኛውን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች። እሷ እንደምትለው መሠረቱን ዝቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ቦታውማ ጉብታ ነው፣ ባለሙያ ወንድሟ በዓይኑ አይቶ መርጦላታል። ግንበኛው በእጁ ባልዲ እንደያዘ፣ እስቲ አንተ ፍረደኝ በሚል ዓይን አየው።

ጋሽ ኮንቱር ግን እውነቱን ያውቃል። ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ካርታ አውጥቶ አይቶት ነበር። ክቦቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ጭረቶች ወደ ውስጥ ያያሉ። እንዲህ ያለው ክብ ጉብታ ሳይሆን ጉድጓድ ነው፤ ይህንን ለጀማሪ የሚያስተምረው ደግሞ ራሱ ነው። መንገድ ላይ ቦዩ ተደፍኖ ይሆናል የሚል ሰበብ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የሰውዬውን ፊት ሲያይ ግን ሰበቡን ተወው።

«እሱን ተይው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ካርታው ላይ ጉድጓዱ ጉብታ መስሎኝ ነው።»

እህቱ ፊቷ ለስለስ አለ። ሰው አይደለህ፣ መሳሳት ያለ ነው ብላ ልታጽናናው ጀመረች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ሄጄ አይቼዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ባልዲውን ከግንበኛው ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ እህቱ ቀድማው ተቀበለችና ለግንበኛው አንገቷን ደፋች።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለችው።