ለቅሶ የበተንኩ ለት

ልጄ አክሊሉ በሞተ በሰልስቱ ለቅሶውን በተንኩት። ሲያትል ያለ ሐበሻ እስከ ዛሬ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ራሴው ልናገር።

ቤታችን ከሲያትል ባሕሩን በፌሪ፣ ሰውና መኪና በሚጭነው መርከብ፣ ተሻግሮ ነው፤ አንዲት ትንሽ ወንዝ ወደ ባሕር የምትገባበት አፋፍ ላይ። የተከራየው አክሊሉ ነው። ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ መንገዱ ይርቀዋል፣ ግን "እማዬ፣ የሰው ኮቴ ከራሴ በላይ ሲሄድ መስማት ሰልችቶኛል" ብሎ ሲያትል ሬኒየር ቢች ሰፈር ከነበርንበት አፓርትመንት ነቅሎ አመጣኝ።

የቤቱ ጣጣ ሴፕቲክ ነው። የከተማ ፍሳሽ መስመር እዚያ አይደርስም። ከሽንት ቤቱም ከወጥ ቤቱም የሚወጣው ውሃ ጓሮ የተቀበረ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። አፈሩ ያጠራዋል። ከበዛበት ግን አፈሩ አይችለውም፣ እንዳለ ይለቀዋል። ከጓሮው በታች ደግሞ ያለው ባሕሩ ነው።

አክሊሉ በዚህ ነገር ያደርቀኝ ነበር።

"እማዬ፣ ቧንቧውን ዝጊው።"

"ሰሃን እያጠብኩ?"

"ሳፋ ውስጥ አጠራቅመሽ እጠቢ። ባሕሩ ውስጥ ናይትሮጅን ይገባል እኮ።"

"እሱ ደግሞ ማነው?"

"ከሽንት የሚመጣ ነገር ነው። ማዳበሪያ በይው። የባሕር አረም እሱን እየበላ ይፋፋል፤ አረሙ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።"

"ማዳበሪያ ከሆነማ እሰይ! አገር ቤት ገበሬው ለምኖ ያጣውን እዚህ አረም ይጠግበዋል።"

እየሳቀ መጥቶ ይዘጋዋል። እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ይዘጋል። ግትር ከግትር ነበርን።

ጎረቤታችን ዶሪስ ባሏ የሞተባት ፈረንጅ ናት። ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ ኦይስተር ታረባለች። ኦይስተር ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ ፈረንጅ ከነነፍሱ ይውጠዋል። እሷም የምትኖረው እሱን ሸጣ ነው። አክሊሉ በእረፍቱ ቀን ቦት ጫማውን አጥልቆ ያግዛታል። አንድ ቀን ቀምሶ መጣ።

"ምን ምን ይላል?" አልኩት።

"ባሕር ባሕር።"

"ንፍጥ ንፍጥ ነው የሚለው! ሂድ ተጉመጥመጥ!"

"ቧንቧ ልከፍት?" አለኝ፣ ከት ብሎ እየሳቀ።

የመጨረሻው እሑድም የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። አንሶላና ፎጣ ሳጥብ ውዬ የሱን የሥራ ቱታ ልጨምር ስል ክንዴን ያዘኝ። "ለዛሬ በቃው፣ ታንከሩ ይረፍ። ነገ ይደርሳል፣ እማዬ።"

በማግስቱ ከኤቨረት ሲመለስ፣ በዚያ ዝናብ፣ አንድ ከባድ መኪና ተንሸራቶ መጣበት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልናገርም።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ፌሪው ሐበሻ ጫነ። ከቱክዊላ፣ ከኤቨረት፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። ያን ጊዜ ብዙ አልነበርንም፤ የአንዱ ሬሳ የሁሉም ነው። ደጃፍ ላይ እጁን ታጠበ፣ ንፍሮ ቀመሰ፣ ገባ። ለቅሶ ታውቁታላችሁ፤ አልቅሶ ፊቱን የማይታጠብ የለም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይለቀሳል፣ እንደ አዲስ ይታጠባል። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ሆኖ ስንቱ እዚያው አደረ። እንደ እህት የማያት የሬኒየር ቢች ጓደኛዬ፣ ሥራዬ የምትባለው፣ ወጥ ቤቱን ይዛ ውሃውን ለቃ ሰሃን ታጥባለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። ማን መጥቶ ይዝጋው?

በሰልስቱ ጠዋት ሽንት ቤቱ እያንቋረረ አልወርድ አለ። ጓሮው ረጠበ፣ ሸተተ። ዶሪስ መጣች። ከኋላዋ የካውንቲው፣ የወረዳው እንደ ማለት ነው፣ የጤና ሰው አለ፤ ኮል አድርጋ የጠራችው እሷ ናት።

ሥራዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። "የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ! ልጅሽ ጭቃ ለጭቃ ሲያገለግላት የከረመው ይህቺን ነው?"

ዶሪስ አማርኛ ባትሰማም ፊቷ ደም መሰለ። ዶሪስ የተናገረችውን ሥራዬ እየተነጫነጨች ተረጎመችልኝ፤ ማንአልሞሽ ማለት ስለማይሆንላት ማና ነው የምትለኝ። "ማና፣ ይቅር በይኝ። የኔን ኦይስተር ሰው ይበላዋል። ሰው ቢታመም በደሉ የኔ ነው። ሳልሸጥ ማወቅ አለብኝ።"

ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ፣ በለቀስተኛው መሃል አጎንብሶ አለፈና አረንጓዴ ቀለም ወጥ ቤቱ ቧንቧ ስር ደፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ባሕሩ ላይ ከታየ ፍሳሻችን ሳይጣራ እየወረደ ነው። የዶሪስ ኦይስተር አይሸጥም፤ እኔም ቤት ከሁለት ሰው በላይ ውሃ አይነካም።

"ወይ ጉድ!" አሉ ጋሼ ተክለ ጻድቅ፣ የሁላችን ሽማግሌ። "እጣቢያችንን ቀለም ቀብተው ሊከታተሉት!"

አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ አፍሮ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ።

ከሰዓት ባሕሩ ሲሸሽ የአክሊሉን ቦት ጫማ አጥልቄ ወረድኩ። ይሰፋኛል። ከዶሪስ ጋር ጭቃው ዳር ቆምን። በየሆዳችን እንደምንጸልይ አውቃለሁ፤ አይታይ፣ አይታይ፣ አይታይ።

ታየ። ከአፋፉ ሥር፣ ከድንጋዩ መሃል፣ ቀጭን አረንጓዴ ክር ብቅ አለ። ሰፋ። እየተጥመለመለ በኦይስተሮቹ መሃል ሄደ። ዶሪስ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆሻሻ ነው የሚወርደው ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን ለልጄ ያለቀሰ ሰው ሁሉ ፊቱን የታጠበበትም ውሃ ነው። እሱ ሲጠብቀው የኖረውን ባሕር የሚገድለው የሱ ለቅሶ ሆነ።

ወደ ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ "እባካችሁ፣ ሂዱልኝ" አልኩ።

መጀመሪያ ኀዘን ያናገረኝ መስሏቸው አቀፉኝ። ደገምኩት።

"ለቅሶ ይበተናል እንዴ፣ ማንአልሞሽ?" አሉ ጋሼ ተክለ ጻድቅ። "በየትኛው አገር?"

"ጋሼ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት። ባሕሩ እየሞተ ነው።"

"ባሕር ይሞታል?"

"ይሞታል። አክሊሉ ነግሮኛል።"

ጋሼ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ።

ሥራዬ ግን አልቻለችም። "ሰው ምን ይላል? ለአንዲት ፈረንጅ ቀንድ አውጣ ብላ የልጇን ለቅሶ በተነች ነው የሚባለው! በይ ተነሺ፣ የኔ አፓርትመንት እንሂድ። እዚያ ፍሳሹ የከተማ ነው፣ እንደ ልባችን እናለቅሳለን።"

"የልጄን ቤት ዘግቼ አልሄድም።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እንግዲያው እኛ እናለቅስለታለን" አለችና ነጠላዋን አነሣች።

ፍራሹን፣ ድስቱን፣ የተረፈውን ንፍሮ ጭነው በፌሪው ተመለሱ። የልጄ ለቅሶ ሬኒየር ቢች ተቀመጠ። ሰው እየገባ እየወጣ፣ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ እናቱ በሌለችበት። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ሥራዬ በንዴት ሳታጠብቀው የሄደችው ቧንቧ ይንጠባጠባል። ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ወደዚህ የተሻገረ ሰው ጥቂት ነው። በአርባውም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ዶሪስ ክረምቱን በሙሉ አንዲት ኦይስተር አልሸጠችም። በየቀኑ ግን ወርዳ ታገላብጣቸዋለች፤ እኔም በዚያ በሰፊው ቦት ጫማ እከተላታለሁ። ቋንቋ የለንም። ባልዲ እይዝላታለሁ።

በጸደይ ሰውዬው ተመልሶ ቀለሙን ደፋ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። በማግስቱም ወርደን አየን። ድንጋዩ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ውሃ ነው። ዶሪስ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እስካሁን ቤቴ መጥቶ ያላለቀሰ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በምልክት፣ ሁለት እጇን እያሻሸች፣ "አሁን ልብስ ማጠብ ትችያለሽ" አለችኝ። ቅርጫቱን አይታዋለች። የአክሊሉ ቱታ ከዚያ እሑድ ጀምሮ እንዳለ ነው፤ የማሽን ዘይት፣ ጭቃ፣ እሱን ይሸታል። ቅርጫቱን አቅፌ ማሽኑ ድረስ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ቆምኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"ነገ" አልኳት።

በነጋታውም ስትጠይቀኝ ነገ አልኳት።