የተቆረጠው ድር

ሀና ማርያም ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ጥግ፣ ልጄ አምሐ ሳይሞት የቆፈራት የሽመና ጉድጓድ አለች። አሁን የእሱ ልጅ ዶርቃ ጠርዟ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ ውስጥ ሰዳ ትሸምናለች። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ግን ወንድ የለን፤ ምን ላድርግ? ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ዕቃው ሁሉ የተለቃቀመ ነው። መወርወሪያው ከወንበር እግር ተጠርቦ የተሠራ፣ ማጉ የሚጠቀለለው በእስክሪብቶ ቀፎ። ታች ያለውን ገመድ በእግር ጣቶች ቆንጥጦ መሳብ ነው፤ ጫማም ካልሲም አይሆንም። ጉድጓዱን ትተን ዕቃውን ከፍ አድርገን እንዳንሠራው ጣሪያው ዝቅተኛ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዷ ውሃ ታመነጭ ጀመር። ብጨልፈው ብጨልፈው ይሞላል። አከራያችን አቶ ሁንዴሳ መጥቶ አየና ሳቀ።

«እማማ አስቴር፣ ይሄ እኮ የጓያ ማሳችን ነበር። መረሬ አፈር ነው፣ እስከ ጥቅምት ውሃውን አይለቅም። አንድ በሬያችን እዚሁ ሰጥሞ በገመድ ነው ያወጣነው። ድፈኑት!»

«ደፍነን የት እንሽመን?»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

የዶርቃ የግራ እግር ጣቶች መሃላቸው ተላጠ፣ ቆይቶ ጠቆረ። እንቢ ስትል ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ እኔን ነው ያየችኝ፦ «ከውሃ ካላራቋት እነዚህ ጣቶች ይቆረጣሉ።»

መንገድ ላይ ልጅቷ ትቀልዳለች። «አሥር አሉኝ አይደል እማማ? ሁለቱ ቢሄዱ ስምንት ይቀሩኛል።»

«አፍሽን ያዢ! በኢየሱስ ስም!»

«አንዲት ሙሽራ ያዘዘችኝን ቀሚስ ለሐሙስ ቃል ገብቻለሁ። እሱን ልጨርስና አርፋለሁ።»

ሰኔ ላይም እንዲሁ ብላኝ ነበር።

ማግስቱን ጠዋት ለጥለቱ ክር ልትገዛ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሄደች። እኔ መቀስ አነሳሁ። ሸማኔ ቤት ተወልጄ፣ ሸማኔ አግብቼ፣ ሸማኔ ወልጄ፣ በተወጠረ ድር ላይ መቀስ ማንሳት ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ድር ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ እግሯ ከውሃ ወጥቶ ይደርቃል አልኩ። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ ብዬ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት።

መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቀለለችና ተቀመጠች፤ እግሯን ውሃው ውስጥ ሰደደች። አንዱን የክር ጫፍ ፈልጋ ከጓደኛው ጋር ቋጠረች። ከዚያ ሁለተኛውን።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«እቀጥለዋለሁ።»

«ይሄን ሁሉ? ዘጠኝ መቶ ክር ይሆናል እኮ!»

«አዎ።»

«እሺ ከውጭ ሆነሽ ቀጥዪው፣ ልጄ! እግርሽን አውጪ!»

«ገመዱን በእግሬ ወጥሬ ካልያዝኩ የላዩና የታቹ ክር ይምታታብኛል።»

ላግዛት ጎኗ ተቀመጥኩ። ዐይኔ ግን ቀጭን ክር አይለይም፤ አንዱን ከማይሆነው ጋር ቋጥሬባት ፈታችው። እጄን በቀስታ ገፋ አደረገችኝ።

«ልጨርሰው ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ፣ እማማ» አለችኝ ቀና ሳትል። «አሁን ቋጠሮው ብቻ አምስት ቀን ይፈጃል።»

ሲመሽ ከድሩ ወርድ የቀጠለችው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር።