የሙሪየል ሸክላ

ሥራዬ የተረሱ ሰዎችን ሙዚቃ መቅዳት ነበር። ከአንድ ሸሪኬ ጋር በከፈትናት ትንሽ የሸክላ ማሳተሚያ፣ ስማቸው የማይታወቅ እንግሊዛውያን የጻፏቸውን የቫዮሊን ኮንቸርቶዎች፣ አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወታቸውን ድርሰቶች፣ እያፈላለግን እናወጣ ነበር። አብዛኞቹ ደራሲዎች ሞተዋል፤ ለሥራችን ያ ይመቻል። ኤቨራርድ ቶልሚ ግን በሕይወት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ ከሙሪየል ጋር ሌድበሪ ከተማ አጠገብ ካለች መንደር ይኖራል። ብቸኛው ኮንቸርቶው የተሰማው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1936 ለንደን ውስጥ ነበር። ቫዮሊኑን የተጫወተችው ሙሪየል ናት፤ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ጋዜጦቹ ሥራውን አፈር ድሜ አበሉት። ከዚያ በኋላ የነካው ኦርኬስትራ የለም።

"ሙዚቃው ምንም አልነበረበትም" አለኝ ኤቨራርድ መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን። "የገደለችው እሷ ናት።" ሚስቱ ሻይ እየቀዳችልኝ ነበር። "እነዚያን ጣቶች አየሃቸው? የልብስ መቆንጠጫ! ፍቅር አሳውሮኝ ለእሷ ሰጠሁ።"

"ስኳር ትፈልጋለህ ኮሊን?" አለችኝ ሙሪየል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ሰው ፊት ቫዮሊን አንስታ አታውቅም። የመንደሩን ልጆች ላስተምር ስትለው እንኳ፣ "ደግሞ እነሱን ልታበላሺ?" ብሎ አስቀርቷታል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሲያወራ እሷ ሰሃን ታነሳለች።

ቀረጻውን መስከረም ላይ ሄርፎርድ አቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀመርን። ቫዮሊን የምትጫወተው ብራይኒ የምትባል ጎበዝ ወጣት ነበረች። ኤቨራርድ ከፊት ተቀምጦ፣ እሷ እረፍት ባደረገች ቁጥር፣ "በመጨረሻ እጅ ያላት ሰው አገኘሁ! ሰማሽ ሙሪየል? እንዲህ ነው የሚጫወቱት!" ይላል። ብራይኒ አፍራ ታቀረቅራለች። ሙሪየል የሸሚዟን ቁልፍ ትነካካለች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከብሪስቶል ጥቅል ደረሰኝ። የላከው የድሮ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ነው። ቶልሚ ከጦርነቱ በኋላ የለንደን ቤቱን ሲለቅ ለጨረታ ከሰጠው ሣጥን ውስጥ፣ የ1936ቱ ምሽት በሬዲዮ ሲተላለፍ የተቀዳባቸውን ሸክላዎች አግኝቶ ኖሯል። ድምፁን በቴፕ ገልብጦ፣ የሸክላዎቹን የወረቀት ልባስ ጨምሮ ላከልኝ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ እንዲያ ያለ ቫዮሊን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሙሪየልን የመቅረጫ መሣሪያዎቻችን ወዳሉበት ጠባብ ክፍል ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ሳትንቀሳቀስ ሰማች።

"ማን ናት?" አለችኝ።

"እርስዎ ነዎት።"

"አትቀልድብኝ።"

"እየቀለድኩ አይደለም ወይዘሮ ሙሪየል። ያ ምሽት ነው።"

ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘችው። "ጥሩ ናት እኮ" አለች ቀስ ብላ። "በጣም ጥሩ ናት።"

ቀጥዬ ያደረግኩት ደግነት ይሁን ጭካኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። የወረቀቱን ልባስ ሰጠኋት። በሰማያዊ እርሳስ፣ በባሏ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ሙሪየል ድንቅ ናት። የመጨረሻው ክፍል ደካማ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማንም እንዳይሰማው።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቁርጥማት ያጣመማቸውን ጣቶቿን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች።

"እናቴ ልትሞት ስትል አንድ ነገር ተጫወቺልኝ ብላ ለምናኝ ነበር" አለች። "በእጄ አፍሬ እምቢ አልኳት።"

በሦስተኛው ቀን ቀረጻው አለቀ። ሙዚቀኞቹ ሳይበተኑ የመጨረሻውን ክፍል በድምፅ ማጉያ ከፈትንላቸው። የኤቨራርድ ጆሮ ደክሟል፤ ቀጭን ድምፅ አይሰማም።

"ነይ አጠገቤ" አላት። "ጆሮ ሁኚኝ። እንዴት ነው?"

እስኪያልቅ አዳመጠች። "ልጅቷ ግሩም አድርጋ ተጫውታዋለች ኤቨራርድ።"

"እኮ! እኔስ ምን ስል ኖርኩ?"

"ችግሩ የእጅ አልነበረማ። የመጨረሻው ክፍል ደካማ ነው፤ ጥፋቱም ያንተ ነው። ራስህ ጽፈኸዋል፣ በሰማያዊ እርሳስ።"

ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምን አለች? አልሰማሁም" አለ። ሰምቷል።

ሙሪየል ጎንበስ ብላ ጆሮው ውስጥ ጮኸች። "ደካማ ነው!"

ከመለከት ነፊዎቹ አንዱ ሳቀ። ሽማግሌው ካፖርቱን ሊለብስ ተነስቶ እጅጌውን ፈልጎ አጣው። አርባ ሰው እያየ ማንም አላገዘውም። እኔም አላገዝኩትም።

ሁለቱንም ቀረጻ ላወጣ ፈለግኩ፤ ለአሮጌው ግን የደራሲው ፈቃድ ያስፈልጋል። "በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ብሎ ጻፈልኝ። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን ቀጠሉ። ሙሪየል አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ "ቁርስ ላይ የመጨረሻውን ክፍል አፏጭለታለሁ" አለችኝ። "አይሰማም፤ ከንፈሬን ግን ያያል።" እየሳቀች ነበር። ሳቋ ደስ አላለኝም።

የካቲት ላይ በሳንባ ምች ሞተች። ከቀብሯ ሦስት ሳምንት በኋላ የኤቨራርድ ደብዳቤ መጣ። ፈቅዷል። ሸክላው ጀርባ ላይ አንዲት ቃል ሳይጎድል እንዲታተም ያዘዘውን ጽሑፍም አያይዟል፤ ያ ካልሆነ ፈቃዱ የለም። "ባለቤቴን ከእኔ በላይ ያደነቃት አልነበረም" ይላል። "ይህን አጨዋወቷን ዓለም እንዲሰማላት ዕድሜ ልኬን ስመኝ ኖሬያለሁ።"

አተምኩት። ሐያስያኑ የእሷን እጅና የእሱን ታማኝነት እኩል አወደሱ። የሬዲዮ ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው አነጋገሩት፤ አለቀሰላቸው። ከዚያ በፊት ያወጣናቸው ሁሉ ተደምረው ያን ያህል አልተሸጡም።

ብራይኒ ደወለችልኝ። ልባሱን ያሳየኋት ከሙሪየል ቀብር ስንመለስ ነበር።

"ያን ውሸት እያወቅክ አተምከው?"

"ሌላ መንገድ አልነበረም። የሙሪየል አጨዋወት እንዲሰማ ብዬ ነው።"

"ማን እንዲሰማው? እሷ እንደሆነች ሞታለች።"

ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ሠርታ አታውቅም።