ለዓብዱልላጢፍ ያልተነፋው ጥሩምባ

አሮጊት ስትናገር የሚሰማ ሰው ጠፍቷል። እኔ አስረሳሽ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አምጥተው እዚህ አሶሳ አጠገብ ካራገፉን ጀምሮ በዚህ መንደር ለሞተው ሁሉ ደረት የመታሁ ሴት፣ «ሰው ሞቷል» ብዬ ስናገር ማስረጃ እጠየቃለሁ።

ደክሞኛል። ዘንድሮ ክረምቱ ሰው በልቶ አልጠግብ አለ። በሐምሌ ደባልቄ ሄደ። ከሰው ሁሉ ተጣልቶ የኖረ ነው፤ ፍየሌ አጥሩን ሳትነካ «ነካች» ብሎ ዓመት ሙሉ አኩርፎኛል። የሰሊጥ ዋጋ ሊሰማ ሬዲዮኑን ሲያስጮህ መንደሩን ይቀሰቅስ ነበር። አሁን ጠዋቱ ጭር ብሎ ሲያስጠላ! በነሐሴ ሰንበቴ ተከተለች። እግሯ አብጦ ከቤት መራቅ ካቃታት በኋላ እንኳ ደጇ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ትሳደብ፣ ታስቅ ነበር። «አስረሳሽ፣ ዳሌሽ የት ሄደ? ሸጥሽው?» ትለኛለች። ለእሷ ሳለቅስ ድምፄ ተዘጋ፤ እስካሁንም በቅጡ አልተመለሰ።

ሁለቱም የሄዱት በዓብዱልላጢፍ ቃሬዛ ነው። ዓብዱልላጢፍ ከወንዙ ማዶ ያለ የበርታ ሰው ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። እንደመጣን ወባ ሲፈጀን፣ ሬሳውን በምን እንደምናነሳ ግራ ገብቶን ስንቀመጥ፣ ቀርከሃ ቆርጦ በልጥ አስሮ ይዞልን መጣ። ከዚያ ወዲህ የእድራችን ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ማዶ ሆኖ ይሰማል፤ ቃሬዛውን አስሮ ይመጣል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸከምና ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል። ዝናብ ቢወርድበትም ቀብሩ ሳያልቅ አይሄድም።

እሱ ሲሞት ግን ጥሩምባ አልተነፋም። እነሱ ዘንድ ጥሩምባ የለም፤ ሰው በእግሩ ሄዶ ያረዳል፣ ሬሳውም በዚያው ቀን ይቀበራል። ልጁ ኑሃ በማለዳ እኔ ቤት መጣች። «አባቴ ሞተ። ከቀትር ሶላት በፊት እንቀብራለን» አለችኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ምንያህል ሄድኩ። ጥርሱን ሲፍቅ አገኘሁትና «ዓብዱልላጢፍ ሞተ» አልኩት።

«ጥሩምባ ሰማሽ እንዴ እማማ?»

«ማዶ ደግሞ የምን ጥሩምባ አለ? ልጁ ነገረችኝ እኮ!»

«ትናንት ከአሶሳ ስንመጣ አንድ ሚኒባስ ላይ ነበርን። ሲያስቀን ነው የመጣው።»

«ሞት ከሚኒባስ አያወርድም ያለህ ማነው?»

«ባለፈውም ማሚቱ ሞተች ብለሽ እድርተኛውን ስታስወጪው፣ ማሚቱ ራሷ ‹ማን ሞተ?› እያለች መጣች። መጀመሪያ ይጣራ።»

ማሚቱን እኔ አልገደልኳት! ከአሶሳ የመጣ ወሬ ነው።

አጣሪም አልተላከ። መንደሩ ጥሩምባ ስላልሰማ ወደ እርሻው ተበተነ። ብቻዬን በዱላዬ ወንዙን ተሻገርኩ። ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። ሚስቱ ዓኢሻ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

«አስረሳሽ፣ አንተ ብቻ መጣህ?» አለችኝ። «መንደር ሰው ምን ሆነ? ታመመ?»

ነገር ፍለጋ አይደለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጥቼ የሐዘኑ ምንጣፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዛሬ በሦስተኛው ቀን ምንያህል መጣ። በሬ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻል።

«እማማ፣ ለካ እውነትሽን ነበር።»

«አዎ። ሰውዬው ዛሬም እንደሞተ ነው።»

«አንቺ ትግባቢያለሽ፤ ሄደሽ አስረጂልን። ጥሩምባ ስላልተነፋ ነው በያቸው። እኛም በኋላ አንድ ሁለት ሰው እንልካለን።»

«በኋላ መቼ? ሐዘን የሚቀመጡት እስከ ዛሬ ማታ ነው። ነገ ምንጣፉ ይነሳል።»

«እንዴት ብዬ የዓኢሻን ፊት ልየው?» አለ ቀስ ብሎ።

አፍሯል። ትንሽ አሳዘነኝ። ግን ይሄ ጉልበቴ የእሱን ሀፍረት ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገርበት አቅም የለውም።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «አፍ አለህ፤ እኔ አፍህ አይደለሁም። እርሻ ላይ ያለውን እየጠራህ፣ ያገኘኸውን አስከትለህ አሁኑኑ ትሻገራለህ። ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለህ። ዓኢሻ ፊት ‹አስረሳሽ ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም› ትላለህ። ስለ ጥሩምባ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ምን ይገትርሃል? ቅደም!»