ከአናት የመጣ ድካም

ቀለም መቀባት የወንድ ሥራ ነው ይሉ የነበሩ ሁሉ እሷን ካዩ በኋላ አፋቸውን ይዘዋል። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ ሮለሩን ስታስኬደው አንድ ሰፊ ክፍል ከምሳ በፊት ያልቃል። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን መስመር ያለ መከለያ ፕላስተር፣ በቀጭን ብሩሽ ብቻ፣ እንደ ክር ቀጥ አድርጋ ታሰምረዋለች። ፎርማኑ «መብረቋ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

መብረቋ ሴት ልጇን የወለደች ቀን ግን ደሟ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈሰሰ። አራት ከረጢት ደም ሰጥተው ከሞት አፍ መለሷት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው ተባለ፤ ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» አለ። የቀረው ወተቱ ብቻ ነበር። አንድ ጠብታ አልመጣም። ሕፃኗ በጡጦ አደገች።

ከዚያ ወዲህ ያለው አራት ዓመት ቁልቁለት ሆነ። ከአልጋ መነሳት ድንጋይ የመሸከም ያህል ከበዳት። ሰው በፀሐይ ሲያልበው እሷ ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርባለች። የወር አበባዋ በወጣበት ቀረ፣ ቅንድቧ ሳሳ፣ ድምፅዋ ተጎተተ። የግማሽ ቀኑ ክፍል ሁለት ቀን ይፈጅባት ጀመር። ፎርማኑ መጀመሪያ ታገሣት፣ ቀጥሎ ቀለደባት፣ በመጨረሻ ከመሰላሉ አወረዳትና ብሩሽ አጣቢ፣ ቀለም ወለሉን እንዳይነካ ላስቲክ አንጣፊ አደረጋት።

ቤት ስትገባ ደግሞ አማቷ አሉ። አማቷ በልብስ ንጽህና ቤት ሠላሳ ዓመት ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ከካውያቸው አይተናነስም። «እኛ ወልደን በወራችን ሥራ ገብተናል። የዛሬ ልጅ አንድ ወልዳ አራት ዓመት ትታረሳለች!» ይላሉ፣ እሷ እየሰማች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ በእናቱና በሚስቱ መሀል ገብቶ ከመቃጠል ዝምታን መረጠ። የሚያሳዝነው ግን መብረቋ ራሷ አማቷን ማመኗ ነው። «እውነታቸውን ነው፤ ሰንፌያለሁ» ብላ ማታ ማታ ትራሷን ታረጥበዋለች።

በስተመጨረሻ ባሏ ጎትቶ ክሊኒክ ወሰዳት። ደሟ ተመረመረና አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ፣ ሥራው ቀንሷል ተብሎ ኪኒን ታዘዘላት። ደስ አላት። ስም ያለው በሽታ ከስንፍና ይሻላል! ደስታዋ ግን አልበረከተም። በሁለተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመራት፤ በሦስተኛው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ላስቲክ ስታነጥፍ ሰማይ ምድሩ ዞረባትና ተዘረረች።

ሆስፒታል ያገኘቻት ዶክተር ገና ወጣት ናት። የመብረቋ የደም ግፊት ወለሉን ነክቷል። ዶክተሯ የክሊኒኩን ወረቀት አገላብጣ ግንባሯን ቋጠረች። ታይሮይድ ሲደክም፣ «ሥራ!» እያለ የሚጎተጉተው ሆርሞን በደም ውስጥ መብዛት ነበረበት፤ እዚህ ግን አልበዛም።

«ሕመሙ መቼ ጀመራት?» ብላ ጠየቀች።

ባልየው አፉን ሳይከፍት አብረው የመጡት አማቷ ቀደሙ። «ምን መጀመር አለው ዶክተር? ከወለደች ጀምሮ እንዲሁ ናት! ያ ሁሉ ደም የፈሰሰ ቀን ጉልበቷንም ይዞት ሄደ። ለገዛ ልጇ እንኳ አንድ ጠብታ ወተት ያልሰጠች!»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። «እማማ፣ አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።»

አማቷ የተቆጣቻቸው መስሏቸው ደነገጡ። «የቱን ልጄ?»

«የደሙንና የወተቱን።»

ደገሙላት። ዶክተሯ ሮጠች ማለት ይቻላል። ለምርመራ የሚሆን ደም አስቀዳችና ውጤቱን ሳትጠብቅ፣ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት በደም ሥሯ አሰጠቻት፤ ግሉኮስም አስከተለችበት። ወደ አመሻሹ ላይ መብረቋ ዓይኗን ገልጣ ቀና አለች።

«ርቦኛል» አለች።

ባሏ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማ አራት ዓመቱ ነው።

በማግስቱ ውጤቱ የዶክተሯን ግምት አረጋገጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳቻቸው። «አንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። ከበላይዋ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ የሰውነትን ሁኔታ እየተከታተለ መልእክት ይልክላታል። እሷም በደም በኩል ለሌሎቹ ታዛለች። ታይሮይድን አሙቅ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ኮርቲሶል አመንጩ፣ ጉልበት ስጡ፣ ጡትን ወተት አምጪ ትላለች። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፣ ብዙ ደም ትፈልጋለች። ያን ቀን ደምሽ ሲፈስ እሷ ደም አጥታ ተጎዳች። ሌሎቹ ዕጢዎችሽ ጤነኞች ናቸው፤ የሚያዛቸው ነው የጠፋው።»

«ፎርማን የሌለው ሳይት በይኛ» አለች መብረቋ።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ!» አሉ አማቷ።

«ታዲያ ኪኒኑ ለምን ጣለኝ?»

«ኪኒኑ ትክክል ነው፤ ተራው ነው የተሳሳተው። መጀመሪያ ኮርቲሶል ይተካል፣ ታይሮይዱ ከዚያ ይከተላል። አለዚያ ታይሮይዱ ሰውነትን ሲያፈጥነው፣ የቀረችው ጥቂት ኮርቲሶል ተሟጥጣ ታልቃለች።»

«የግድግዳው ስቱኮ ሳይደርቅ ቀለም ቀቡብኝ!» ብላ ሳቀች። ዶክተሯም ሳቀች። ኪኒኖቹን ዕድሜ ልክ እንደምትውጥ፣ ትኩሳት ሲይዛት የኮርቲሶሉን መጠን እንደምትጨምር፣ ከቶም እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀቻት።

ዶክተሯ ስትወጣ አማቷ የምራታቸውን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ምላሴን ይቁረጠው።»

«ኧረ አይቁረጠው እትዬ» አለች መብረቋ፤ «ያዳነኝ እሱ አይደል?»

ከሦስት ወር በኋላ ሹራቦቹ ሳጥን ገቡ። ፎርማኑ በዚያ ሰሞን የአንድ ሲኒማ አዳራሽ ሥራ ይዞ ጨንቆታል፤ ርክክቡ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ የጣሪያውን ጠርዝ ግን የሚደፍረው ጠፍቷል። መብረቋ ጫማዋን አጥብቃ መጣችና ሳትለምነው መሰላሉን ወጣች። ከታች ያሉት ወንዶች ትወድቃለች ብለው ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሷ መስመሩን አስጀመረች፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት ከመሰላሉ ስትወርድ ርክክቡ ገና አንድ ቀን ተኩል ይቀረው ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «ከነገ ጀምረሽ ወደ ቦታሽ ተመለሽ።»

«ወደ ቦታዬ አልመለስም» አለች ብሩሿን እያራገፈች። «የቡድን መሪ እሆናለሁ። ሰዎቼንም የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ፎርማኑ ጣሪያውን አየ፣ እሷን አየ። «ምረጪያ!» አለ።

እቤት ስትደርስ ልጇ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብብቷን ይዛ ወደ ላይ ወረወረቻትና ቀለበቻት። «ድገሚኝ!» አለች ልጅቱ እየተንከተከተች።

ደገመቻት፤ ሠለሰቻት።